ሁለት ጠባቂ፣ አንድ ቅጂ

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ ማይክራፎን ፊት ተቀምጦ ኖረ። ሰው የሚያውቀው ፊቱን ሳይሆን ድምፁን ነበር። ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅ ሻጯ ቀና ትልና፣ «የሦስት ቁጥሩ አውቶቡስ ሄደ እንዴ?» ትለዋለች። የሥራ ባልደረቦቹ «ማይክ» ይሉታል፤ ሰፈሩም ማይክ ይለዋል፤ እኔም ጠጉሬ ሸብቶ እንኳ እስከ ዛሬ የማይክ ልጅ ነኝ።

የሥራ ክፍሉ ከትኬት መስኮቶቹ በላይ፣ በአምስት ደረጃ የሚወጣበት የመስታወት ሳጥን ነው። ውስጡ አንድ ወንበር፣ አንድ ማይክራፎን፣ በሳህን የተከደነ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ነበረበት። ማንኛውንም ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ይናገራል። «የመጀመሪያው ለነቃ፣ ሁለተኛው ለሚያንቀላፋ» ይል ነበር። ይህ ሁለት የማለት ልማድ አብሮት ቤት ገባ። በር ቆልፎ ወዝወዝ ያደርጋል፤ ጥቂት ሄዶ ይመለስና ደግሞ ይወዘውዛል። በመናኸሪያው በእያንዳንዱ አውቶቡስ በር ላይ ሁለት ተቆጣጣሪ ይቆም ስለነበር፣ በአንድ ሰው የሚጠበቅ ነገር ለእሱ እንዳልተጠበቀ ነው።

ከማስታወቂያው በኋላ ከራሱ የሚጨምራት አንዲት ቃል ነበረችው። «ከመሳፈራችሁ በፊት አጠገባችሁን እዩ፤ ወደ ኋላ የቀረ ሰው እንዳይኖር።» ይህ በመመሪያው ላይ የለም። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ቤተሰቦቻቸው ተሳፍረው ሲሄዱ እሳቸው ጥቅላቸውን እንደያዙ መስመሩ ላይ ቆመው ሲቀሩ ከመስታወቱ ውስጥ ሆኖ አየ። ከዚያ ወዲያ ይህችን ቃል አልተዋትም። አለቃው ሁለት ጊዜ በደብዳቤ አስጠነቀቀው። አባቴ ሁለቱንም ደብዳቤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና በማግስቱም ያችኑ ቃል ተናገረ። እኔ ግትርነቴን ከየት እንዳመጣሁት የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መልሴ ይሄ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ልንገራችሁ፤ በኋላ ለመጣብን ነገር ሥሩ እሱ ነውና። አባቴ ምሳ በወጣበት አንድ ቀን፣ አንድ ቀልደኛ ነጂ መስታወቱ ክፍል ገብቶ የአባቴን ድምፅ አስመስሎ በመናገር ሙሉ ተሳፋሪ ወደ ተሳሳተ መስመር አስሮጠ። በግፊያው አንድ ሽማግሌ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። አባቴ ሆስፒታል ሄዶ ይቅርታ ጠየቃቸው። ሽማግሌው፣ «አንተን ነው እኮ የሰማሁት» አሉት። ይህችን አባባል እስከ ዛሬ አልረሳትም። ሰው ድምፁን ሊሰርቁት እንደሚችሉ፣ ከሰረቁትም በእሱ ስም ሰው ሊሰብሩ እንደሚችሉ ያን ቀን ገባው።

ጡረታ በወጣ በአራተኛው ዓመት የጉሮሮ ካንሰር ተገኘበት። ቀዶ ሐኪሙ የድምፅ ሳጥኑ መውጣት አለበት አለ። አባቴ ሰምቶ፣ «እሺ» አለና ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ በዓይን ግፊት የተነሳ ማየት ካቆመች ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስሰማ እውላለሁና በቀላሉ አልደነግጥም። ያን ቀን ግን ክው አልኩ። ሰውየው መናገር ሊያቆም ነው፤ ጽፎ እንዳያሳያት ሚስቱ አታይም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ትዳር በአንድ ቀዶ ጥገና ዝም ሊል ነው።

መላ ያመጣችው የሆስፒታሉ የንግግር ሐኪም ናት። ቀዶ ጥገናው እስኪደርስ አምስት ሳምንት ነበረን። በእነዚያ ቀናት አባቴ የሚፈልጋቸውን ዓረፍተ ነገሮች በራሱ ድምፅ እንዲቀዳ፣ በኋላም አንድ ትንሽ ፕሮግራም በቤት ኮምፒውተር ላይ ጭነን ቁልፍ በነካ ቁጥር የፈለጋት ዓረፍተ ነገር በስፒከሩ እንድትወጣ ነገረችን። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆስፒታል ውስጥ በእነሱ መሣሪያ ቀዳ፤ እነዚያ ለማንኛውም ታማሚ የተዘጋጁ ናቸው። የቀረውን ቤት ቀዳነው። ጸጥ ያለ ቦታ ስላጣን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በካፖርቶቹ መካከል በርጩማ አስገብተን አስቀመጥነው። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታዛለች።

«ስንጣላ የምትለኝን እንዳትረሳ።»

«የትኛውን?» ይላታል ከቁም ሣጥኑ ውስጥ።

«‹አንቺን ማን ያሸንፍሻል› የምትለዋን ነዋ። ደግሞ ከልብህ ተቆጣ፤ የውሸት ቁጣ አልፈልግም።»

በአምስት ሳምንት አንድ ሺህ አራት መቶ ዓረፍተ ነገር ቀዳ። እናቴን የሚጠራት «ዓለሜ» ብሎ ነው። ይህችን አንዲት ቃል ሰባት ጊዜ ነው የቀዳት። አንዷ ከውጭ ሲገባ የሚላት፣ አንዷ ሲያባብላት፣ አንዷ ሲሰለች፣ አንዷ መነጽሩ የጠፋበት ቀን፣ አንዷ ሲያማት፣ አንዷ ሲስቅ፣ ሰባተኛዋን ግን እናቴ እኔን ከክፍሉ አስወጥታኝ ነው የተቀዳችው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ኮምፒውተሩን ሳሎን መስኮቱ ሥር አደረግነው። አባቴ አንገቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ በስስ ሻርፕ ሸፍኖ ተቀመጠ፤ ሁለት ፊደል ነካ፤ ስፒከሩ፣ «ዓለሜ፣ መጣሁ» አለ። እናቴ ሹራብ እየሠራች ነበር። እጇ ቀጥ አለ። «እስቲ ድገመው» አለችው። ደገመው። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ኖርን። በደንብም ኖርን። ሲጣሉ እንኳ ይጣሉ ነበር፤ እሱ ቁልፍ ፍለጋ ሲዘገይ እሷ ሦስት አራት ነገር ትጨምርበታለች፤ «ኧረ ፍጠን፣ ንዴቴ በረደ እኮ» ትለዋለች።

ከዚያ የጎረቤታችን የፎቶ አንሺው ነገር መጣ። ሰውየው ከኢሜይል ጋር የተላከለትን የማያውቀውን ፋይል ከፍቶ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ፎቶ በአንድ ጠዋት ተቆለፈበት። መክፈቻውን ከፈለግህ ክፈል የሚል ጽሑፍ ብቻ ስክሪኑ ላይ ቀረ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እኛስ?» አለች። «የእኛ ኮምፒውተር ምን ይጠብቀዋል?»

እውነቱን ለመናገር ምንም። ኢንተርኔት ያስገባነው በሌላ ከተማ የሚኖረው ወንድሜ በየእሁዱ እየደወለ ከአባቴ ጋር እንዲጫወት ነው። ስለ ጥበቃ ማንም አላሰበም። እኔ ደግሞ ያለ ማዘዣ መድኃኒት ለሚጠይቀኝ ሰው የግማሽ ሰዓት ተግሣጽ የምሰጥ ሴት ነኝ።

በማግስቱ ከሥራ መልስ፣ ከፎቅ ደረጃ ሥር ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ሰው ሄጄ ጠየቅሁት። ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል። መበየጃውን አስቀምጦ በትዕግሥት አስረዳኝ። ጸረ ቫይረስ ማለት ቤት ውስጥ እየዞረ ዕቃ የሚፈትሽ ነው፤ ፋየርዎል ደግሞ በር ላይ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚጠይቅ ነው። ኮምፒውተሩ ከራሱ ጋር የመጣ ጠባቂ አለው፤ በየጊዜው ከታደሰ ለቤት ይበቃል። ሌላ ከፈለጋችሁም አንድ መርጣችሁ፣ ከሠሪው ከራሱ ገጽ ላይ ብቻ አውርዱ፤ ስክሪን ላይ ብቅ ብሎ «ኮምፒውተርህ ታሟል» የሚላችሁን አትንኩ አለኝ። በመጨረሻ ጣቱን ቀሰረ።

«እትዬ፣ ሌላውን ሁሉ ቢረሱት ይህችን እንዳይረሱ። ጠባቂ አንድ፣ ቅጂ ሁለት። የአባባን ድምፅ በሁለት ፍላሽ ይገልብጡና አንዱን ከቤት ውጭ ያስቀምጡ። ጠባቂ ይሳሳታል፤ ቅጂ ካለ ግን ምንም አይሆኑም።»

በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ጻፍኩት። ጠባቂ አንድ፣ ቅጂ ሁለት። ወረቀቱ ዛሬም አለኝ።

አባቴ ነገሩን እንደ አዲስ ሥራ ያዘው። እርሳስ በገመድ የታሰረበት ደብተር አለችው፤ ለእኔ የሚናገረው በሷ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ጸረ ቫይረስ ሲያነብና ሲያመሳክር ከረመ። ጥያቄዎቹን ይጽፋል፤ እኔ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነባለሁ። «ጠባቂውን ማን ይጠብቀዋል?» «ዕቃዬን ሲፈትሽ ያነበዋል ወይ?» «ነፃ ከሆነ ደመወዙን ከየት ያገኛል?» እናቴ እየሳቀች፣ «ለልጅህ ባል ስትመርጥ እንዲህ ብትጠይቅ ኖሮ እስካሁን አግብታ ነበር» አለች። እኔም፣ «ፋርማሲ ውስጥ መርዝ የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ» አልኳት።

በመጨረሻ ሁለት ቀሩት። አንደኛው ጋዜጣ ያመሰገነው፣ በየዓመቱ የሚከፈልበት፤ ሁለተኛው ወንድሜ የሚጠቀምበት ነፃው። አንደኛው የራሱ ፋየርዎልም ነበረው። አባቴ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «ሁለቱም» ይላል።

«አባዬ፣ ሰውየው አንድ ነው ያለው እኮ።»

ጻፈ። «በአውቶቡሱ በር ሁለት ተቆጣጣሪ ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት ያለ ትኬት የተሳፈረ የለም።»

«እሺ ይሁን። ቅጂውንስ? ሁለት ፍላሽ ገዝቻለሁ።»

ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። እርሳሱን ጫን አድርጎ ጻፈ። «ድምፄ ሁለት ቦታ ከተቀመጠ ሁለት ቦታ ይሰረቃል። አይገለበጥም።» እኚያ ዳሌያቸው የተሰበረው ሽማግሌ በዓይኑ ላይ እንደመጡበት አወቅሁ። በዚያ ሰሞን በሰው ድምፅ አስመስለው ለዘመድ እየደወሉ የሚያታልሉ አጭበርባሪዎች ወሬ በየሬዲዮው ነበርና ፍርሃቱን ከንቱ ማለት አልቻልኩም። መከራከር ነበረብኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ተውኩት። የኮምፒውተር ሐኪሙ ያዘዘልንን ገልብጠን ሁለት ጠባቂ፣ አንድ ቅጂ አደረግነው፤ ያቺም አንዷ ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ራሷ ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ጫንኩ። ሁለተኛው ሲጫን፣ «ሌላ ጸረ ቫይረስ አግኝቻለሁ፤ ይወገድ?» ብሎ ጠየቀ። ዝለለው የሚለውን ነካሁ። ፋርማሲ ውስጥ ለሰው በቀን አሥር ጊዜ፣ «እነዚህ ሁለቱ ስማቸው ቢለያይም ሥራቸው አንድ ነው፤ አንድ ላይ አይወሰዱም» የምለው እኔ ነኝ። በራሴ እጅ፣ በራሴ ቤት ኮምፒውተሩን ሁለቱን አንድ ላይ አስዋጥኩት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሣቅ ነበሩ። ፋየርዎሉ አንድ ፕሮግራም ወደ ውጭ መውጣት ሲፈልግ፣ «ይፈቀድ?» እያለ ይጠይቃል። አባቴ ደስታው ወሰን አጣ። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንዲህ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አላየሁትም። የማያውቀውን ሁሉ ይከለክላል፤ የሚያውቀውንም እየተጠራጠረ ይከለክላል። እሁድ ወንድሜ ቢደውል አልገባ አለው። ሰኞም ማክሰኞም እንዲሁ። አባዬ አንድ ነገር ሆኗል ብሎ ሻንጣውን ሸክፎ ሊመጣ ሲል በእኔ ስልክ አገኘን። እናቴ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን በር ላይ አቁመህ ትኬት ትጠይቀዋለህ?» አለችው። አባቴ ጥቂት ፈልጎ አንዲት ቁልፍ ነካ። ስፒከሩ፣ «አንቺን ማን ያሸንፍሻል» አለ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ የሰማናት ያን ቀን ነው።

ረቡዕ ጠዋት ከሥራ በፊት ሻይ እየቀዳሁ ሳለ አባቴ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ቁልፉን ይነካል፤ ድምፅ የለም። ስክሪኑ እየተንቀጠቀጠ ነው። አንደኛው ጠባቂ ሁለተኛውን ይጠረጥራል፤ ሁለተኛው አንደኛውን ያመለክታል፤ ሁለቱ ሲተናነቁ ኮምፒውተሩ ትንፋሽ አጥሮታል። የአባቴ የንግግር ፕሮግራም ከቦታው የለም።

እናቴ፣ «ምን ሆነ? ለምን ዝም አለ?» አለች።

«ምንም አይደለም እማዬ፣ እኔ አውቀዋለሁ» አልኳት። እውነትም አውቄዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ሁለት መድኃኒት ሲጋጭ አንዱን ታቋርጣለህ። ነፃውን ማጥፋት ጀመርኩ። መሃል ላይ አንድ ጥያቄ መጣ። በለይቶ ማቆያ የተያዙት ፋይሎችም አብረው ይሰረዙ ወይ ይላል። ለይቶ ማቆያ ውስጥ የሚገባው ቫይረስ ነው፤ ይሂድልን ብዬ «አዎ» አልኩ። የሥራ ሰዓት እየረፈደብኝ ነበር። በደንብ አላነበብኩትም። እኔ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ለሽማግሌዎች በማጉያ መነጽር የማነበው ሴትዮ፣ አላነበብኩትም።

ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ፈጠነ። ድምፁ ግን አልተመለሰም።

ከሥራ ቀርቼ ኮምፒውተሩን አቅፌ ሐኪሙ ሱቅ ሄድኩ። ከፍቶ አየ፣ ደጋግሞ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ሲያጠፉት የጠየቀዎት ነገር ነበር?»

«ነበር፤ ‹አዎ› አልኩት።» ነገሩ ገባው። ነፃው ጸረ ቫይረስ፣ ሆስፒታሉ የሰጠንን ፕሮግራም ስለማያውቀው ተጠራጥሮ ከነድምፅ ማኅደሩ ለይቶ አስሮት ነበር። አስሮት ብቻ ነበር። ልቀቀው ብለን ብናዘው ይለቀው ነበር። እኔ ነኝ ከእስር ቤቱ ጋር አብሬ ያጠፋሁት።

«ቅጂውን ያምጡልኛ፤ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ» አለ። ቀና ብሎ ፊቴን ሲያይ ደግሞ አልጠየቀኝም። አራት ቀን ሲታገል ቆየ። ያገኘው ቁርጥራጭ ጩኸት ብቻ ነበር። ሊያስከፍለኝ አልፈለገም። ያ ይበልጥ አንጀቴን በላው።

ቤት ገብቼ ለሁለቱም ነገርኳቸው። አባቴ ደብተሩን ሳበና፣ «ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ። ለእናቴ አነበብኩላት። «አዎ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። እናቴ አልጮኸችም። በእጇ ዳብሳ ስፒከሩን አገኘችው፣ ጨርቁን ደባበሰችው፣ ሹራቧን አንስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ የንግግር ሐኪሟ በሆስፒታሉ መሣሪያ ላይ የቀሩትን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰጠችን። ደስ ብሎን ጫንናቸው። ጠዋት አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ጠበቀች። እሱ ዝርዝሩን ወደ ላይ ወደ ታች ፈለገ። ከዚያ በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ «እንደምን አደሩ፣ ዶክተር» አላት። በዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ሰላምታ አልነበረም።

እናቴ ሣቀች። «በስተርጅና ዶክተር አደረግኸኝ?» አለች። በሁለተኛውም ቀን ፈገግ አለች። በሦስተኛው ቀን «እንደምን አደሩ፣ ዶክተር» ሲላት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። አባቴ የሚያባብልበት ቃል ፈለገ። «ውሃ ጠማኝ» አለ። «ነርስ ይጠራልኝ» አለ። የነካው ሁሉ የሕመም ቃል ነው። «እዚህ ጋ ያመኛል» ካለ በኋላ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ።

እናቴ እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ፣ «ይህን የበሽተኛ ወሬ ዝጊልኝ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ቅዳሜ መናኸሪያው ውሰዱኝ» አለች።

ሁለታችንም አልገባንም። ከዚያ እኔ ቀድሜ ትዝ አለኝ። አባቴ ጡረታ በወጣበት ሳምንት መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያዎቹን በሙሉ አስቀድቶት ነበር። አዲስ ሰው አልቀጠሩም። መስታወቱ ክፍል ባዶ ነው፤ የሚናገረው አባቴ ነው። አባቴ ግን የድምፅ ሳጥኑ ከወጣ ወዲህ በዚያ በኩል እንኳ አልፎ አያውቅም። ደብተሩ ላይ፣ «አይሆንም» ብሎ ጻፈ። አነበብኩላት።

«ለአንተ አይደለም» አለችው። «ለእኔ ነው። ካፈርህ ሻርፕህን አጥብቀህ እሰር።»

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሄድን። አባቴ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ነበር፤ ቢሆንም አንዲት የድሮ ትኬት ቆራጭ አወቀችው። «ማይክ!» ብላ ከመስኮቷ ተነሣች፣ ከዚያ ሻርፑን አየችና እጁን ሳመችው። ከሦስት ቁጥር መስመር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እናቴ በመካከል፣ አባቴ በግራዋ፣ እኔ በቀኟ። መስታወቱ ክፍል ውስጥ ወንበሩ ዛሬም አለ።

የእጅ ስልኬን አውጥቼ ለመቅዳት ተዘጋጀሁ። በጣራው ላይ ያሉት ድምፅ ማጉያዎች ኮሽ ኮሽ አሉና የአባቴ ድምፅ መጣ። ጤነኛ፣ ሙሉ፣ ትንሽ የተኮፈሰ። «መንገደኞች ሆይ፣ በሦስት ቁጥር መስመር ያለው አውቶቡስ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይነሣል።» እናቴ ፊቷን ወደ ጣራው ቀና አደረገች። እኔ ዓይኔን እንባ ሞላው፣ የስልኬን ቁልፍ ማግኘት አቃተኝ። ማስታወቂያው አለቀ። አመለጠኝ።

አባቴ ክንዴን ነካ አደረገኝ። ሁለት ጣቱን አሳየኝ።

እውነትም ሁለተኛው መጣ። ይህን ጊዜ ቀዳሁት። መስመሩን ተናገረ፣ ደቂቃውን ተናገረ፣ ከዚያ አለቃው በሁለት ደብዳቤ ሊያስቆማት ያልቻላት ቃል መጣች። «ከመሳፈራችሁ በፊት አጠገባችሁን እዩ፤ ወደ ኋላ የቀረ ሰው እንዳይኖር።»

እናቴ ግራ እጇን ዘረጋች። በአየር ላይ ትንሽ ፈለገች፣ ከዚያ የአባቴን ጉልበት አገኘች፣ ከጉልበቱ እጁን አገኘች።

«አለሁ» አለች። «አለሁ፣ አለሁ።»

ከመናኸሪያው በቀጥታ ሐኪሙ ሱቅ ሄድን። አባቴ ራሱ ደብተሩን አውጥቶ፣ «ጠባቂ አንድ፣ ቅጂ ሁለት» ብሎ ጻፈለት። አንዱ ፍላሽ ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ሌላው ፋርማሲ፣ ቁልፍ ካለው መደርደሪያ ውስጥ ነው። በየሦስት ወሩ አውጥቼ እሰማቸዋለሁ። ኮምፒውተሩን የሚጠብቀው ከራሱ ጋር የመጣው ጠባቂ ብቻ ነው፤ አባቴ በየሰኞው መታደሱን ያያል፤ ሲጠይቀው አንብቦ፣ ለእኔም አስነብቦ ነው የሚመልስለት።

«ዓለሜ» አልተመለሰችም። ሰባቱም። እናቴ አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ እኔ ግን ለደንበኛ ሁለት መድኃኒት በአንድ ከረጢት ስከት ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

አሁን ጠዋት ጠዋት አባቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አንዲት ቁልፍ ይነካል። «አጠገባችሁን እዩ፤ ወደ ኋላ የቀረ ሰው እንዳይኖር» ይላል ከመናኸሪያው ጫጫታ ጋር። በቅጂው ላይ ከእሱ ድምፅ ቀጥሎ የእናቴ ድምፅ፣ «አለሁ» ሲል ይሰማል። እናቴ ግን ቅጂውን አትጠብቅም። ከየትኛውም ክፍል ሆና ቀድማ ትመልስለታለች።